ቀድሞ የሚጨርሰውን ልጅ ማን ያስተምረው?

ለሱዳን የስደተኞች ኮሚሽን (ኮር) የገዳሪፍ ጽሕፈት ቤት፣
ለተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን (ዩኤንኤችሲአር) የሱዳን ቢሮ፣
ለገዳሪፍ ግዛት ትምህርት ሚኒስቴር፣
ለኢትዮጵያ ትምህርት ሚኒስቴር፣

ጉዳዩ፦ በምሥራቅ ሱዳን መጠለያዎች ልዩ የመማር ችሎታ ላላቸው ስደተኛ ልጆች ሊደረግ ስለሚገባው



ኅዳር 2013 ዓ.ም. ላይ በሐምዳይት በኩል ተከዜን በጀልባ፣ በሉግዲ በኩል ደግሞ በእግሩ የትግራይን ጦርነት ሸሽቶ ወደ ሱዳን የገባው ሕዝብ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ60 ሺህ አለፈ። ግማሽ የሚጠጉት ልጆች ነበሩ። ከመካከላቸው ደብተሩን ይዞ የተሻገረ ቢኖር እንኳ ደብተሩ ስምንት ወር ሙሉ አልተጻፈበትም፤ ኢትዮጵያ በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶቿን የዘጋችው መጋቢት 2012 ዓ.ም. ላይ ነበርና። (ከዚህ በኋላ ዓ.ም. ያልተባለባቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ብዙዎቹ የሰፈሩባት ኡም ራኩባ ለስደተኛ እንግዳ አይደለችም። የ1984ቱንና የ1985ቱን ድርቅ የሸሹ ኢትዮጵያውያንን አስጠልላ በ2000 የተዘጋች፣ ከ20 ዓመት በኋላ እንደገና የተከፈተች መጠለያ ናት። በጥር 2021 ቱናይድባ ተጨመረች። ከገዳሪፍ ከተማ አጠገብ ያለችው ተዋዋ ደግሞ ከሁለቱም በፊት የነበረች፣ ልጅ ተወልዶባት፣ አድጎባት፣ ወልዶባት ያየች ሰፈር ናት። ድንኳንና ሸራ፣ ቀጥሎም የሣር ዳስ ተተክሎ ትምህርት ሲጀመር ያስተማሩት ራሳቸው ስደተኛ የሆኑ መምህራን ናቸው። ኮሚሽኑ፣ ዩኤንኤችሲአርና የእርዳታ ድርጅቶቹ በዚያ ችግር መካከል ጥቁር ሰሌዳ ማቆማቸው ምስጋና ይገባዋል። ይህ ደብዳቤም የተጻፈው ለወቀሳ ሳይሆን፣ የተጀመረው ሥራ የዘነጋውን አንድ ልጅ ለማስታወስ ነው።

ልጁ ቀድሞ የሚጨርሰው ነው።

በአስቸኳይ ጊዜ ትምህርት ሪፖርት ላይ ስንት ልጅ ተመዘገበ፣ ስንቱ አቋረጠ፣ ለአንድ መምህር ስንት ተማሪ ደረሰ የሚሉ ቁጥሮች አይጠፉም። ወደ ኋላ የቀረውን ለመርዳት የተፋጠነ ትምህርትና የማካካሻ ክፍል አለ። የክፍሉን ትምህርት አልፎ ለሄደው ግን ሪፖርቱ ዓምድ የለውም። ተመዝግቧል፣ አላቋረጠም፣ አልወደቀም፤ በወረቀቱ ላይ ችግር የለበትም።

ችግሩ የሚታየው ክፍሉ ውስጥ ነው። መጽሐፍ በማይዳረስበት ክፍል መምህሩ ጥያቄውን ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፣ ተማሪው ወደ ደብተሩ ይገለብጣል፤ ከክፍለ ጊዜው የሚበልጠው በመገልበጥ ያልቃል። ፈጣኑ ልጅ ጥያቄውን እየገለበጠ ይሠራዋል። ሌላው ገልብጦ እስኪጨርስ እሱ መልሱን ጽፎ፣ ጠመኔ ለቅሞ፣ ከጎኑ ያለውን ጎንትሎ፣ መሬት ላይ ሥዕል ሥሎ ይጠብቃል። አንድ ቀን ይገሠጻል፣ ሌላ ቀን ይገረፋል። ከዚያ ደግ መምህር ካጋጠመው መፍትሔ ይገኝለታል፤ ሞኒተር ይሆናል። ሰሌዳ ይጠርጋል፣ የሚያወራውን ስም ይጽፋል፣ ደብተር ሰብስቦ ወደ ቢሮ ይወስዳል። የክፍሉ የሰላ አእምሮ ለዓመቱ የተሰጠው ሥራ ይኸው ነው።

ሴት ልጅ ከሆነች ደግሞ ነገሩ ዝም ያለ ነው። አትረብሽም። ጥያቄውን ጨርሳ እጇን አጣጥፋ ትቀመጣለች፤ ጸባየኛ ትባላለች። ውኃ ለመቅዳትና ታናናሾቿን ለመጠበቅ ከክፍል ስትቀርም ያጎደለችው ትምህርት እንዳለ የሚጠይቅ የለም፤ ተመልሳ ስትመጣ ታውቀዋለችና።

ገዳሪፍ የሰሊጥና የማሽላ አገር ናት። በከተማዋ የእህል ገበያ ሰሊጥ የሚሸጠው በቀንጣር ነው፤ አንዱ ቀንጣር ወደ 45 ኪሎ ግራም ይጠጋል። ከገላባት ተሻግሮ መተማ ላይ ያለው ገበሬ የሚያውቀው ኩንታል 100 ኪሎ ነው። ቀንጣሩን ወደ ኩንታል፣ የሱዳንን ፓውንድ ወደ ብር በጭንቅላቱ እየመነዘረ አባቱ እንዳይታለል የሚጠብቅ የ11 ዓመት ልጅ በዚህ ድንበር ብርቅ አይደለም። በጤና ጣቢያው ደጃፍ እናቱንና ሐኪሙን የሚያስተረጉመው፣ ራሽን ሲታደል የጎረቤቱን ካርድ የሚያነበውም እሱ ነው። ቤት ውስጥ ትግርኛ፣ ከሌሎች ሐበሾች ጋር አማርኛ፣ ሰፈር ውስጥ ዓረብኛ፣ መጽሐፉ ላይ እንግሊዝኛ፤ ሦስት ዓይነት ፊደል። ይህን ሁሉ በሁለትና ሦስት ዓመት ለቅሞ የያዘ ልጅ በየትኛውም አገር ልዩ ተማሪ ይባል ነበር። እዚህ ግን ችሎታው ከትምህርት ቤቱ በፊት ለገበያው ይታያል። አረምና አጨዳ ሲደርስ ለጀላቢው (ለነጋዴው) ቆጣሪ፣ ለሠራተኛው አስተርጓሚ ሆኖ የሚፈለገው እንዲህ ያለው ልጅ ነው፤ ቤተሰቡም የዕለት ገንዘቡን ቢፈልግ አይፈረድበትም።

በ2020 ሲሻገር 11 ዓመት የነበረው ልጅ በ2025 16 ዓመት ሞላው። ልዩ ችሎታ እስኪረጋጋ ድረስ ይቆይ ቢባል የሚቆየው ለዚህ ያህል ጊዜ ነው።

ልጅን በዕድሜው ሳይሆን በደረሰበት ማስተማር ለዚህ አካባቢ ከውጭ የሚመጣ አዲስ ነገር አይደለም። በኢትዮጵያ በኩል የአብነት ትምህርት ቤት አለ። ፊደል የለየ ወደ ንባብ፣ ንባብ የወጣለት ወደ ዳዊት፣ ዳዊት የደገመ ወደ ዜማው ወይም ወደ ቅኔው ቤት ይሄዳል፤ መሪጌታው ዕድሜውን አይጠይቁትም። አንዱ በዓመት የሚዘልቀውን ሌላው በሦስት ዓመት ቢዘልቀው ሁለቱም አያፍሩም። የቀደመው ለኋለኛው ያስቀጽላል፣ ራሱ ግን ከመምህሩ ዘንድ የራሱን ትምህርት ይቀጥላል። በሱዳን በኩል ኸልዋ አለ። ልጁ በእንጨት ሉሁ ላይ የተጻፈለትን የቁርኣን አንቀጽ በቃሉ ከያዘ ሉሁ ይታጠብና አዲስ ይጻፍለታል፤ ጓደኛው ገና ያለፈውን እያጠና ቢሆንም እሱን አይጠብቅም። የጎንደርም ሆነ የገዳሪፍ ወላጅ ልጅ በራሱ ፍጥነት ሲሄድ ቢያይ አይደነግጥም። ልጆችን በልደት ዓመት ደርድሮ እኩል ማስኬድ የመጣው ከዘመናዊው ትምህርት ቤት ጋር ነው።

ዘመናዊው ትምህርት ቤትም ቢሆን ይህን ፈጽሞ አያውቅም ማለት አይቻልም። ሱዳን በዚህ ረገድ ከብዙ የአፍሪካ አገሮች ቀድማለች። የሥነ ልቦና ምሁሩ ዑመር ሃሩን ኸሊፋ በመሩት፣ በሲምበር ወፍ ስም በተሰየመው ፕሮጀክት በካርቱም ትምህርት ቤቶች ልዩ ችሎታ ያላቸው ልጆች ተፈልገው ተለይተዋል፤ ለእነሱም ልዩ ትምህርት ቤቶች ተከፍተዋል። ከመለያዎቹ አንዱ የሬቨን ማትሪክስ የሚባለው ፈተና ነበር። በ2008 ደግሞ እነዚሁ ተመራማሪዎች ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር የአባከስ ሥልጠና በሱዳን ልጆች ላይ ያመጣውን ለውጥ በጥናት አሳትመዋል።

የሬቨን ፈተና ለገዳሪፍ መጠለያዎች ለምን እንደሚስማማ ለማየት አንዱን ገጽ ገልጦ መመልከት ይበቃል። ገጹ ላይ በሦስት ረድፍና በሦስት ዓምድ የተደረደሩ ቅርጾች አሉ፤ የመጨረሻው ቦታ ባዶ ነው። በመጀመሪያው ረድፍ ክብ፣ አራት ማዕዘንና ሦስት ማዕዘን ይሆናል፤ በሁለተኛው ቅርጾቹ ቦታ ተለዋውጠው በውስጣቸው መስመር ተጨምሮባቸዋል። ልጁ ሕጉን አግኝቶ ባዶው ቦታ ላይ የሚገባውን ከታች ከተደረደሩት አማራጮች በጣቱ ያሳያል። አንድም ቃል የለበትም። ዓረብኛ ያልጠራለት፣ እንግሊዝኛ ያላነበበ፣ ከመጋቢት 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ክፍል ያልገባ ልጅ ከካርቱም ልጅ ጋር እኩል ሊቀመጥበት ይችላል። የፈተናው መጽሐፍ ላይ አይጻፍበትም፤ መልሱ በሌላ ወረቀት ስለሚሞላ አንዱ ቅጂ ለብዙ ክፍል ይሆናል። እርግጥ አንድ ፈተና ብቻውን ልጅን አይመዝንም፤ ሥዕላዊ እንቆቅልሽ ፊት የማያውቅ ልጅ በመጀመሪያው ቀን ሊደናገር ይችላል። ስለዚህ ከልምምድ ጋር፣ ሁለት ጊዜ፣ ከመምህሩና ከወላጁ ቃል ጋር ተያይዞ መታየት አለበት።

ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ካርቱም ውስጥ ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ገዳሪፍ ለራሷ ለሱዳን ተፈናቃዮችም መጠጊያ ሆናለች። ትምህርት ቤቶቿ ማደሪያ ሆኑ፤ ዩኒሴፍ በመላ አገሪቱ 19 ሚሊዮን ልጆች ከትምህርት ውጭ መሆናቸውን ተናገረ። በዚህ ክፉ ጊዜ ግን ከካርቱም ከተፈናቀሉት መካከል መምህራንና ባለሙያዎችም አሉ። የገዳሪፍ ዩኒቨርሲቲም እዚያው ከተማዋ ውስጥ ነው። ለልየታ የሚያስፈልገው እውቀት አውሮፕላን ተሳፍሮ የሚመጣ አይደለም።

በኢትዮጵያ በኩልም ነገሩ በወረቀትም በተግባርም አለ። የ1994ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አካል ጉዳተኞችም ሆኑ ልዩ ተሰጥኦ ያላቸው ልጆች እንደ ችሎታቸውና እንደ ፍላጎታቸው እንዲማሩ ማስቻልን ከዓላማዎቹ አንዱ አድርጎ ጽፏል። ከዚያ በፊት በንጉሡ ዘመን የልዑል በዕደ ማርያም ላቦራቶሪ ትምህርት ቤት ከየጠቅላይ ግዛቱ ጎበዝ ተማሪዎችን መርጦ አዲስ አበባ ላይ ሁለተኛ ደረጃን ያስጨርሳቸው ነበር። የትግራይ ልማት ማኅበር መቀሌ አጠገብ ያቋቋመው ቃላሚኖ ልዩ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በፈተና የተመረጡ ልጆችን ሲያስተምር ኖሯል። አዳማ ላይ የኦሮሚያ ልማት ማኅበር ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤት አለ፤ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር ደግሞ የስቴም ማዕከል ተማሪዎችን በሳይንስና በቴክኖሎጂ ያለማምዳል። ሐረር ያደገችው ቤተልሔም ደሴ በአባቷ ሱቅ ውስጥ በልጅነቷ ኮምፒዩተር ነካክታ ፕሮግራም ጸሐፊ ለመሆን የበቃችው ኮምፒዩተሩ እጇ ላይ ስለነበረ ነው።

እነዚህ ትምህርት ቤቶች ምን ዋጋ እንዳላቸው ያሳየው የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነው። ፈተናው መጀመሪያ ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ግቢ በገባበት የ2014 ዓ.ም. ዙር ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። በሁለቱ የመጀመሪያ ዓመታት ከሺህ በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ከሞላ ጎደል ሁሉንም ያሳለፉት ጥቂቶች ሲቆጠሩ ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ከፊት ተሰልፈው ተገኙ። ተመርጠው የገቡ ስለሆኑ ነው ቢባል እውነት ነው፤ ግን ተመርጠው ባይገቡ ኖሮ ከመካከላቸው ስንቶቹ አንድም ባላሳለፈው ትምህርት ቤት ይቀሩ እንደነበር መገመት አያዳግትም።

የኡም ራኩባ ልጅ ታዲያ ከሁለቱም አገሮች ዕድል ውጭ ነው። ለቃላሚኖ ፈተና የሚቀመጥበት የሚኒስትሪ ውጤት የለውም። ሱዳን ውስጥ ከፍ ያለ ውጤት ያመጡ ተማሪዎች ብቻ የሚገቡባቸው ሞዴል ትምህርት ቤቶች አሉ፤ እነሱም የሱዳንን ሥርዓተ ትምህርትና ዓረብኛን ይጠይቃሉ። ልጁ አንዱን ጀምሮ አልጨረሰም፤ ሁለተኛውን አልጀመረም።

በዚህ ጊዜ ከጽሕፈት ቤቶቹ ወንበር ላይ የሚነሣው ተቃውሞ ይታወቃል። ራሽን በተቀነሰበት፣ ኮሌራ በገባበት፣ ለሁሉም ልጅ መጽሐፍ በሌለበት መጠለያ ስለ ልዩ ችሎታ ማውራት ቅንጦት አይሆንም ወይ? ለጥቂቶች ሲባል የብዙኃኑ መምህር ይወሰድ ወይ?

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልስም ይገባዋል። አንደኛ፣ እዚህ የሚጠየቀው አዲስ ሕንፃ አይደለም። ከሚጠየቁት አራት ነገሮች ሁለቱ አዲስ በጀት የማይፈልጉ፣ ፈቃድ ብቻ የሚሹ ናቸው። ሁለተኛ፣ ልየታ ሲዘነጋ ዕድሉ የሚሄደው ለድሃው አይደለም። አሜሪካ ፍሎሪዳ ውስጥ ብራዋርድ በተባለ የትምህርት ወረዳ ልዩ ተማሪዎች የሚመረጡት በመምህርና በወላጅ ጥቆማ ነበር፤ በ2005 ግን ሁሉም የሁለተኛ ክፍል ልጆች ያለ ጥቆማ እንዲፈተኑ ተደረገ። ዴቪድ ካርድና ላውራ ጁሊያኖ በ2016 ያሳተሙት ጥናት እንዳሳየው፣ ለልዩ ትምህርት የበቁት የችግረኛ ቤተሰብ ልጆች ድርሻ ከእጥፍ በላይ አደገ። ልጆቹ ድሮም ነበሩ፤ የጠቆማቸው አልነበረም። በመጠለያ ውስጥም መምህሩ የሚጠቁመው የሚያውቀውን፣ ቋንቋውን የሚናገረውን፣ ንጹሕ ልብስ የለበሰውን ቢሆን አያስደንቅም።

ሦስተኛው መልስ ከመጠለያዎች ራሳቸው ይመጣል። ማዊ አስገዶም ትግራይ ተወልዶ በሕፃንነቱ ከቤተሰቡ ጋር ወደ ሱዳን ተሰዶ ሦስት ዓመት በስደተኛ መጠለያ ኖረ። በ1983 አሜሪካ ገባ፤ በ1999 ከሃርቫርድ ተመረቀ፤ በምረቃው ቀንም ከተማሪዎቹ ተናጋሪዎች አንዱ ሆኖ ንግግር አደረገ። እሱን ያወጣው መልሶ ማስፈር ነው። ከጎኑ ያሉትና ያልሰፈሩት ግን ምን ይችሉ እንደነበር መዝግቦ የያዘ ሰው አልነበረም።

ኬንያ ውስጥ ካኩማ መጠለያ ይህን ዕድል ለጉዞ ብቻ አልተወውም። ሞርኖ ሼፔል የተባለ የልጃገረዶች አዳሪ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተከፍቶ ጎበዝ ስደተኛ ልጃገረዶችን ከአካባቢው ተወላጆች ጋር አንድ ላይ ያስተምራል። ሩዋንዳ ላይ ኬፕለር የተባለው ፕሮግራም ከ2015 ጀምሮ በኪዚባ መጠለያ ውስጥ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት አስገባ። ዩኤንኤችሲአር ራሱ ከ1992 ጀምሮ በጀርመን መንግሥት ድጋፍ የዳፊን የነፃ ትምህርት ዕድል ይሰጣል፤ በ2030 ከስደተኛ ወጣቶች 15 በመቶው ከፍተኛ ትምህርት እንዲገቡም አቅዷል። በ2024 ያወጣው ሪፖርት ይህን ቁጥር 7 በመቶ ላይ አስቀምጦታል። ቀሪው 8 በመቶ ከየት ይመጣል ቢባል፣ በ15 ዓመቱ ለአረም ከመሄዱ በፊት በ9 ዓመቱ ከተለየ ልጅ ነው።

እንግዲህ የሚጠየቁት አራት ነገሮች እነሆ።

የመጀመሪያው ልየታ ነው። በኡም ራኩባ፣ በቱናይድባና በተዋዋ ትምህርት ቤቶች የአራተኛ ክፍል ልጆች በሙሉ፣ ያለ ጥቆማ፣ በዓመት አንድ ጊዜ ቃል በሌለው ፈተና ይታዩ። በዕድሜ ከፍ ብለው አዲስ የገቡትም ይጨመሩ። ከፈተናው ጎን መምህሩ ስለ ልጁ የሚያውቀው፣ እናቱ በቤት የምታየው ይጻፍ። አስተርጓሚው፣ ቆጣሪው፣ የተሰበረ ራዲዮ የሚጠግነው ልጅ በዚህ በኩል ይገኛል። ሥራውን የገዳሪፍ ዩኒቨርሲቲ መምህራንና የሲምበርን ዓይነት ልምድ ያላቸው ሱዳናውያን ባለሙያዎች ቢመሩት፣ ውጤቱ ለሱዳን ተፈናቃይ ልጆችም ይተርፋል። የተመረጡት ስም በአደባባይ ባይለጠፍ ይመረጣል፤ በጠባብ መጠለያ ውስጥ ዝርዝር ምቀኝነትና የዘር ጥርጣሬ ያመጣል።

ሁለተኛው በድሮ ተማሪዎች አነጋገር ደብል መምታት ነው። ልጅ የቀጣዩን ክፍል ፈተና ወስዶ ካለፈ ይለፍ። ሙሉ ክፍል መዝለል የሚከብደው ካለ፣ በሚበልጥበት ትምህርት ብቻ ይሻገር፤ የሦስተኛ ክፍሏ ልጅ ሒሳብ ሲደርስ ወደ አምስተኛ ክፍል ሸራ ሄዳ ትማር፣ ሲያልቅ ወደ እኩዮቿ ትመለስ። ለዚህ የሚያስፈልገው የሁለቱ ክፍሎች ሒሳብ በአንድ ሰዓት ላይ እንዲውል የክፍለ ጊዜ ድልድሉን ማስተካከል ነው። ጎበዙ ልጅ ሌሎችን እንዲያስረዳ ማድረግም መልካም ነው፤ ነገር ግን ያለ ደመወዝ ረዳት መምህር ሆኖ ዓመቱን የሚጨርስ ልጅ ተማረ አይባልም። ማስረዳቱ ሲያልቅ ለእሱ የቀረበ የራሱ ከባድ ጥያቄ ሊኖር ይገባል።

ሦስተኛው ወረቀት ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ የተማረበት ክፍል፣ ውጤቱና የልየታው መልስ በዓረብኛ፣ በእንግሊዝኛና በተማረበት ቋንቋ ተጽፎ፣ በኮርና በዩኤንኤችሲአር ማኅተም ተረጋግጦ፣ አንዱ ቅጂ ከቤተሰቡ ጋር፣ ሌላው ከጽሕፈት ቤቱ መዝገብ ይቀመጥ። ቤተሰቡ ወደ ሁመራ ቢመለስ፣ ወደ ሦስተኛ አገር ቢሄድ ወይም ገዳሪፍ ቢቀር ልጁ ከአንደኛ ክፍል እንዳይጀምር የሚያደርገው ይህ ወረቀት ነው። ሱዳን በ1974 የተቀበለችው የ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት አንቀጽ 22 የውጭ የትምህርት ማስረጃን ስለማወቅ፣ ከክፍያ ስለመቀነስና የነፃ ትምህርት ዕድል ስለመስጠት በስም ጠቅሶ ይናገራል። ሱዳንና ኢትዮጵያ በአባልነት የተሳተፉበት ኢጋድም በታኅሣሥ 2017 በጂቡቲ መግለጫ ስደተኞችን ወደ ብሔራዊ የትምህርት ሥርዓት ለማስገባት ቃል ገብቷል።

አራተኛው የፈተና ጣቢያ ነው። ይህ በተለይ ለኢትዮጵያ ትምህርት ሚኒስቴር የሚቀርብ ጥያቄ ነው። ገዳሪፍ ከተማ የኢትዮጵያ ቆንስላ አለ። በኢትዮጵያ ሥርዓተ ትምህርት የተማሩ ልጆች የሚኒስትሪንና የ12ኛ ክፍልን ፈተና በቆንስላው በኩል እንዲወስዱ ማመቻቸት አስቸጋሪ ሊሆን ይችላል፤ የማይቻል ግን አይደለም። ሱዳን ራሷ ጦርነት ላይ እያለች፣ በታኅሣሥ 2024 መጨረሻ የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተናዋን ስትሰጥ ወደ ግብፅ ለተሰደዱ ልጆቿ እዚያው ጣቢያ ከፍታለች። የሱዳን ሞዴል ትምህርት ቤቶችም ለተለዩ ስደተኛ ልጆች ጥቂት ወንበር ቢመድቡና የአንድ ዓመት የዓረብኛ መሸጋገሪያ ቢፈቅዱ፣ ልጁ ሁለት በር ይኖረዋል።

ይህ ጉዳይ የአንድ ወገን ብቻ አይደለም። ከ2023 ጀምሮ ስደቱ በገላባት በኩል ወደ ኢትዮጵያም ዞሯል፤ የሱዳን ልጆች መተማን ተሻግረው በኩመርና በአውላላ መጠለያዎች ተቀምጠው ነበር። እነሱም በዓረብኛ ጀምረው ያልጨረሱት ትምህርት ነበራቸው። ኢትዮጵያ በ2019 ባወጣችው የስደተኞች አዋጅ ስደተኞች የመማር መብት እንዳላቸው ደንግጋለች። ከድንበሩ ማዶ ያሉ ልጆቿ እንዲፈተኑላት ስትጠይቅ፣ በእጇ ያሉትን የሱዳን ልጆችም በዚያው ልክ ብትለያቸውና ብታሻግራቸው ጥያቄዋ ክብደት ያገኛል። ሁለቱ ሚኒስቴሮች በአንድ ዓይነት የልየታ ቅጽና በአንድ ዓይነት የማስረጃ ወረቀት ቢስማሙ ገላባትና መተማ ላይ ያለው ልጅ የትኛውም ወገን ላይ ቢያድር መዝገቡ ይከተለዋል።

ሁሉንም በአንድ ጊዜ መጀመር አይቻል ይሆናል። ስለዚህ ኮሚሽኑና ዩኤንኤችሲአር በሚቀጥለው የትምህርት ዓመት መጀመሪያ በአንድ መጠለያ፣ በኡም ራኩባ፣ በአራተኛ ክፍል ብቻ ልየታውን እንዲሞክሩት፤ የክፍል መዝለያ ፈተናውን ደግሞ በሦስቱም ሰፈሮች ሳይዘገዩ እንዲፈቅዱት ይጠየቃል። የዓመቱ ሪፖርት ላይም አንድ ዓምድ ይጨመር፤ ከክፍላቸው በላይ የተማሩ ልጆች ብዛት፣ ወንድና ሴት ተለይቶ። የገዳሪፍ ትምህርት ሚኒስቴር የሞዴል ትምህርት ቤቶቹን ወንበር በተመለከተ፣ የኢትዮጵያ ትምህርት ሚኒስቴር ደግሞ የፈተና ጣቢያውን በተመለከተ ያላቸውን መልስ ለስደተኛ መምህራንና ለወላጅ ኮሚቴዎች በጽሑፍ እንዲያሳውቁ በአክብሮት ይጠየቃሉ።

ግልባጭ፦
በገዳሪፍ ለኢትዮጵያ ቆንስላ ጽሕፈት ቤት፣
ለገዳሪፍ ዩኒቨርሲቲ፣
ለኡም ራኩባ፣ ለቱናይድባና ለተዋዋ የወላጅና መምህራን ኮሚቴዎች